ሊቀ ብናኝና የባጃጁ ጭስ

እግዜር ከተማ ሲቆረቁር ከመንገዱም ከገበያውም በፊት ያልተጠየቀውን የሚመልስ አንድ ሰው ያስቀምጣል። ለሐይቅ ከተማ የደረሷት ጡረተኛው የፊዚክስ አስተማሪ መምህር ጌዴዎን ናቸው። «ደቃቁን አትናቁ» ማለት ስለሚያበዙ ሕዝቡ በገዛ ሥልጣኑ «ሊቀ ብናኝ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል።

ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው፣ የአምባሰል ተራራ ከሩቅ ሰማያዊ የሚመስለው በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ ስለሚበትን መሆኑን አስረድተዋል። አልቃሿ እንኳ ሙሾዋን አቋርጣ አዳምጣለች ይባላል። ፀጉር አስተካካዩ አያሌው ደግሞ እሳቸውን ሲሰማ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ጢሙን ሳይላጨው ሸኝቶታል።

የኑርዬ ግን ይብሳል። ኑርዬ የሚኒባስ ረዳት ነው፤ መምህሩ ደሴ በሄዱ ቁጥር እሱ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ከመኪና ደግሞ ዘሎ አይወረድም። «ወላሂ፣ ሰማይ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ» ይላል።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኑርዬ ከረዳትነት ሊገላገል ሆነ። ከአባቱ የወረሳቸውን ሁለት በሬዎች ሸጦ ያገለገለ ባጃጅ ሊገዛ ሐይቁ ዳር ቆሟል። ባጃጁ ካልበጀው እርሻውም መንገዱም ቀረበት። ሻጩ ፈንታሁን ሞተሩን አስነስቶ የባጃጁን ኋላ ወደሚያብረቀርቀው ውሃ አዙሮታል። ጭሱ በዚያ ብርሃን ላይ እምብዛም አይታይም።

«የጠዋት እንፋሎት ነው፣ ሲሞቅ ይጠፋል» አለ ፈንታሁን።

ኑርዬ ደስታው አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ሊቀ ብናኝ ከተፍ አሉ። ኑርዬ፣ ዛሬ እንኳ ቢተዉኝ ምን ነበረበት ሲል አሰበ።

መምህሩ ባጃጁንም ሰዎቹንም አላዩም፤ ጎንበስ ብለው ጭሱን አዩ።

«እስቲ ወደዚያ ዛፍ ጥላ አዙሩት» አሉ።

ኑርዬ ቶሎ እንዲሄዱለት ብሎ ራሱ ገፍቶ አዞረው። ከጥቁሩ ጥላ ፊት ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ተትጎለጎለ። መምህር ጌዴዎን እንደ ሕፃን አጨበጨቡ።

«ተመልከቱ፣ ሰማይ እኮ ነው! ስንት ዘመን ሳስተምር እንዲህ ጥርት ያለ አላየሁም።»

«አላልኩህም?» አለ ፈንታሁን ወደ ኑርዬ ዞሮ። «መምህሩም ወደዱት።»

«ወደድኩት እንጂ። እንፋሎት ቢሆን ጠብታው ተለቅ ስለሚል ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናል፣ ነጭ ይሆን ነበር። ይኼ ግን ከብርሃን ሞገድ ያነሰ ነው፤ ሰማያዊውን ለይቶ ይበትናል። ደቃቁን አትናቁ የምለው ለዚህ ነው።»

«የምን ጠብታ ነው መምህር?» አለ ኑርዬ።

«የዘይት ነዋ። ሞተሩ አርጅቷል፣ ዘይት ይጠጣል» አሉ፣ ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት፣ ዓይናቸውን ከጭሱ ሳይነቅሉ።

ፈንታሁን ቀስ ብሎ ሞተሩን አጠፋና «እንግዲህ ካልፈለግህ...» ብሎ ባጃጁን እየገፋ ሄደ።

«ምነው አጠፋኸው?» አሉ መምህሩ ከልባቸው አዝነው።

ኑርዬ ነገሩ ገባው። የሁለት በሬዎቹ ዋጋ እንደ ጭሱ በኖ ሊቀር ሲል የተረፈው በእኚህ ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ምን እንዳደረጉ እንኳ አላወቁም። የጠፋውን ጭስ እያዩ ብቻቸውን ሲቆሙ አንጀቱን በሉት። ጉልበታቸውን ቢስም ደስ ባለው፤ አፈረ።

«መምህር፣» አለ፣ መልሱን ከደሴ እስከ ሐይቅ ስንት ጊዜ እንደሰማው አላህ ያውቃል፣ «ጀንበር ስትጠልቅ የምትቀላው ግን ለምንድን ነው?»

መምህር ጌዴዎን ፊታቸው በራ። «ነገሩ ረዘም ይላል እኮ» አሉት።

«አብሽሩ» አለ ኑርዬ፣ አንድ ድንጋይ በኩታው ጠርጎ እያስቀመጣቸው፣ «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»