የማዳም እናት በማሽን አይነሱም

ሰው ወገብ እንዳለው የሚያውቀው የታመመ ቀን ነው አይደል? እኔም ኩዌት እስክመጣ ድረስ ወገብ ማለት መቀነት የሚታሰርበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ስለ ወገብ እኔን ጠይቁኝ! በተለይ ስለ ነርስ ወገብ። ደሜ ስለፈላ ድምፄ ከፍ ቢል እናንተን እንዳይመስላችሁ።

የምሠራው ሱራ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሰው ቤት። የማዳም እናት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ከያዙ ቆዩ። ጨዋ ሴት ናቸው፣ ምሕረቱን ይላክላቸው። ደግሞ ደልደል ያሉ ናቸው። የቤቱን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ፤ እሳቸውን የምታስታምመው ሲስተር ሊሲ የምትባል ህንዳዊት ነርስ ናት። ማንሳት ሲመጣ ግን እኔም እጠራለሁ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከዚያ መልሶ ወደ አልጋ። እሷ በብብታቸው፣ እኔ በእግራቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሬሳ እንኳ የሚነሳው በአራት ሰው ነው እኮ!

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። እዚያው ቤት የበሽተኛ ማንሻ ማሽን አለ! ጎማ ያለው፣ ክንድ ያለው፣ በሽተኛውን በጨርቅ አቅፎ ቁልፉን ሲጫኑት ብድግ የሚያደርግ። ሐኪሙ አዝዞ ነው የተገዛው። የት ነው ያለው? ሳሎን ጥግ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ። የማያውቅ ሰው ሐውልት ሊመረቅ ነው ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለምን አትሉም? ማዳም "ዓይብ" አለቻ! ነውር ነው ማለቷ ነው። እናቴ የወደብ ዕቃ ናት ወይ በማሽን የምትነሳው? ዘመድ ቢያይ ምን ይላል? እናትን በእጅ ማንሳት በረከት አለው። እንዲህ እያለች እሷ በር ላይ ቆማ "ቀስ! ቀስ!" ትለናለች። እስቲ በሞቴ፣ በሰው ወገብ እናት ማክበር የት አገር ነው ያለው? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ።

ሲስተር ሊሲ በፊት ሆስፒታል ሠርታለች። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነበር አለችኝ። ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወገብሽን አታጣምሚ፣ ብቻሽን አታንሺ የሚል። ሥዕሉ ሞልቶ ነበር፤ አብሮ የሚያነሳ ሰው ግን አልነበረም። ወገቧ መጀመሪያ የተጎዳው እዚያ ነው። እዚህ ደግሞ ይኸው። አንድ ቀን ጠዋት እሳቸውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀና ልበል ብትል ወገቧ እምቢ አላት። የአልጋውን ብረት ይዛ እንባዋ ብቻ ዱብ ዱብ ይላል። አንዴ ከደገመኝ ነርስነቴ አበቃ፣ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ አለችኝ። ማሽኑ እኮ ከግድግዳው ማዶ ነው! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ሮጬ ለማዳም ነገርኳት። ምን ብትል ጥሩ ነው? ይቺ ነርስ ደካማ ናት፣ ጠንካራ እንቀይራለን። ጎማ ናት እንዴ የምትቀየረው? ይህን ያልኩት በሆዴ ነው።

አርብ የማዳም ወንድም መጣ። አርብ አርብ ይመጣል፤ የእናቱን ግንባር ስሞ፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ስፖርት የሚሠራ ነው፣ ደረቱ በር ያክላል። ሲስተር ሊሲ የወገብ ቀበቶዋን ስታጠብቅ አይቶ ሳቀባት። ለአንዲት አሮጊት ይሄ ሁሉ? ዞር በሉ! ብሎ እናቱን ብቻውን አቅፎ ብድግ ሲል ቀጭ የሚል ነገር በጆሮዬ ሰማሁ። እናቱስ ተመልሰው አልጋቸው ላይ አረፉ፤ እሱ ግን ወለሉ ላይ በእንብርክኩ ቀረ። ያ ሁሉ ደረት! ማዳም ምን ብላ ጮኸች መሰላችሁ? "ያላ፣ ቶሎ ማሽኑን አምጡ!" ጉድ በል ሱራ! ጥልፉ ተገፈፈ። ሲስተር ሊሲ ተስፋ ሳትቆርጥ በድብቅ ቻርጅ ታደርገው ኖሯል። ጌታው በጨርቅ ታቅፎ እግሩን አንጠልጥሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

ነውሩስ የት ገባ? እሱን ማንም አልጠየቀም። ይባስ ብሎ ማሽኑ በዚያው ቀን ተጭኖ ወደ ወንድምየው ቤት ሄደ፣ እስኪሻለው ድረስ። እናትሽስ? አልኳት። ማዳም ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ "እናቴማ እናንተ አላችሁላት" አለችኝ።

ያኔ ፈነዳሁ። አገሬ ብትልከኝ ትላከኝ! በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ሊሲን አንቺ ቁጭ በይ አልኳትና ማዳምን ጠራኋት። ሲስተር ታማለች፣ በረከቱንም ብቻችንን በላነው፣ ነይ እናትሽን በብብታቸው ያዢ አልኳት። አሮጊቷ ቀና ብለው ያዩዋታል። እናትን አላነሳም ይባላል? ገባች። ከአልጋ ወደ ወንበር ስናደርሳቸው ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወገቧን ይዛ ልትወጣ ስትል፣ ገና መታጠቢያ ቤት ይቀረናል አልኳት።

ማዳም ስልኳን አነሳች፤ ምሳ ሳይደርስ አዲስ ማሽን መጣ። ሲስተር ሊሲም ሥራዋ ላይ ናት፣ የሚቀይራት የለም። ስለዚህ የነርስ ወገብ እንዴት ይጠበቃል ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ ሥዕል መለጠፉን ተወው በሉት። አሠሪዋን አንዴ ጎንበስ አድርጓት፤ ሌላውን ራሷ በስልክ ትጨርሰዋለች።