ባለዊጉ ተንበርካኪ

ወንደላጤ ያለ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ሥዕል እንዳይሰቅል መከልከል አለበት! ስዊድን ለሁሉም ነገር ፈቃድ ስትጠይቅ ለዚህ ብቻ ረሳች። አትሳቁ፤ የደረሰብኝን ስሙ።

ባለፈው ዓመት ሮግስቬድ፣ ሎፒስ በሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ፣ ከክምሩ መሐል፣ ወርቅ ቅብ ፍሬም አገኘሁ። የፈለግሁት ፍሬሙን ነው፤ ሻጩ ሽማግሌ ግን ስለ ሥዕሉ ካላስረዳሁህ ብሎ ያዘኝ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከታተመ የእንግሊዞች ልቦለድ የተገነጠለ ነው። አንድ ዋልጌ ባላባት፣ የከዳትን ልጅ "አንዴ ብቻ ልሳምሽ" እያለ ተንበርክኮ ይለምናል። ነጭ ዊግ፣ ከኋላው የተነፋ ካባ፣ በእጁ አበባ... ጉድ ነው! የራሴን ፎቶ እስክከትበት ብዬ አልቢ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩትና ረሳሁት።

አንድ ቅዳሜ እጮኛዬ ሳባ ከሕዝብ ስልክ ደወለችልኝ።

"እናቴ ቤትህን ካላየሁ ብላ ባቡር ልንሳፈር ነው! ቤቱ ቅዱስ ሥዕል የሌለው ሰው ልጄን አያገባም ብላለች።"

ከጎረቤት ልዋስ ብዬ ስነሳ በሩ ተንኳኳ። እማማ ዘነበች ከነሳባ ገቡ፤ ጫማቸውን አውልቀው ቀና አሉ።

"እሰይ! ገብርኤል!"

"የ... የቱ?"

"ይኸው እንጂ ልጄ! ክንፉን ዘርግቶ፣ አበባውን ይዞ፣ እመቤታችንን ሲያበስራት!"

ለካ ካባው ክንፍ፣ የልጅቷ ክብ ባርኔጣም አክሊለ ብርሃን ሆኖላቸዋል። ሦስቴ አማትበው ዋልጌውን ሳሙት! እውነቱን ብናገር ሳባን አጣሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ኃጢአቱ የማን ነው?

"ሳባ፣ እስቲ ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢልኝ" አሉ እማማ።

በቃ፣ አለቀልኝ! ሳባ እንግሊዝኛውን አነበበች። አየችኝ። ከንፈሯን ነከሰች። ለእናቷ በስዊድንኛ ካልሆነ የማትመልሰው ሳባ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፦

"ደስ ይበልሽ ይላል፣ እማዬ።"

እማማ እልል አሉ።

ይኸው ከተጋባን ስድስት ወራችን። እማማ ለሥዕሉ የሐር መጋረጃ አሰፉለት። በየወሩ በገብርኤል ቀን ደግሞ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። በልቦለዱ አንዲት ሴት አንድ መሳም የነፈገችውን ዋልጌ፣ አልቢ ሲመጣ ሰባት እናቶች ተሰልፈው ይስሙታል! እኔን፣ አማቻቸውን፣ ሰላም የሚሉኝ ከእሱ ቀጥለው ነው።