ሦስት ሙከራ

ቁልፍ የተሠራው ለሌባ ነው ይሉናል። እስቲ አስቡት፤ በሕይወታችሁ ቁልፍ ስንት ሌባ መለሰላችሁ? ስንት ጊዜስ እናንተኑ በራችሁ ላይ አቁሞ ጎረቤት አሳቀባችሁ? ሌባው በመስኮት ይገባል። ቁልፍ ዕድሜውን ሙሉ የሚያንገላታው ባለቤቱን ነው።

ይህን የምለው ተናድጄ ነው። ከተናደድኩ ቆየሁ፤ አልበረደልኝም።

ወልድያ ውስጥ በማስተምርበት የጤና ኮሌጅ አንድ ኮምፒውተር አለ። ሌሎችም ነበሩ፤ ጦርነቱ መጣና ሄዱ። የተመራቂዎች ውጤት በሙሉ ያለው እዚሁ አንዱ ላይ ነው። ከጦርነቱ በፊት ደህንነቱን እንዲያጠብቅልን ኢንጂነር አብርሃም የሚባል ባለሙያ ተቀጠረ። (ኢንጂነር ያልነው እኛ ነን፤ እሱም አልተቃወመም።) ሰውየው ኮምፒውተሩ ላይ ሥዕል የሌለው፣ የሚነካ ነገር የሌለው ጥቁር መስኮት ከፈተ። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ አንዲት መስመር ጽፎ «ኢንተር» ይመታል፤ መስመሯ ሕግ ትሆናለች። የይለፍ ቃል ከአሥራ ሁለት ፊደል እንዳያንስ። መታ። በየወሩ እንዲቀየር። መታ። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ እንዲቆለፍበት፣ ዋናው አስተዳዳሪ ካልፈቀደም እንዳይከፈትለት። መታ። ምክር ቤት ሳይሰበሰብ፣ እጅ ሳይወጣ፣ በአምስት ደቂቃ ሙሉ አዋጅ አወጣብን።

«ዋናው አስተዳዳሪ ማነው?» አልነው።

«እኔ ነኛ» አለ።

ጸሐፊያችን ወይዘሮ ዘውዲቱ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋ ማሽኑ ላይ ለጥፋ ነበር። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ቀደደና ስለ ጥንቃቄ ግማሽ ሰዓት አስተማረን። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለቱን ፊደል በየወሩ በልቧ የምትይዘው እሷ ብቻ ሆነች። እኛ ወንዶቹ የያዝነው አንድ ነገር ነው፦ «ዘውዲቱ ታውቀዋለች»።

ከዚያ የሆነው ሆነ። ተሰደድን።

ስንመለስ ኮሌጁ በር አልነበረውም። የተማሪ ወንበር ማገዶ ሆኗል። የወረቀት መዝገቡ ማቀጣጠያ ሆኗል። ያ ኮምፒውተር ግን ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቷል። የመጡት ሰዎች ከፍተውት እምቢ ሲላቸው የተበላሸ መስሏቸው ትተውት ይሆናል። ኢንጂነር አብርሃምን ከልቤ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መሪማ መጣች። ከእኛው ኮሌጅ በነርስነት የተመረቀች የውርጌሳ ልጅ ናት። ቤታቸው ሲቃጠል ዲፕሎማዋም አብሮ ተቃጥሏል። መርሳ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሊቀጥራት ፈልጓል፤ ውጤቷን የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ዓርብ ካላመጣች ግን ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። ቤት ውስጥ ደመወዝ የሚያመጣ ሌላ ሰው የለም።

«ያን ሁሉ ወር ውርጌሳ ላይ አዋልጄ፣ ቁስል አጥቤ፣ አንሶላ ቀድጄ ፋሻ አድርጌያለሁ» አለችን። «ነርስ ነሽ ወይ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ዝም ብሎ ቁስሉን ነው የሰጠኝ። አሁን ሰላም ሲሆን ወረቀት አምጪ ተባልኩ።»

መብራት ገና አልመጣም። የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊ ሐጂ ይማም ከመስጊድ ጄኔሬተር ለምነው አመጡ። ማሽኑ አቃሰተ፣ በራ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

አሁን ልብ በሉ። ሦስት ሙከራ አለን። ሦስት ብቻ።

«ዲናችን ይሞክሩት እንጂ» አልናቸው የኮሌጁን ኃላፊ።

«ኧረ ሐጂ እያሉ!» አሉ ዲኑ አቶ መንገሻ።

«አይሆንም፣ አላህ ያክብርህ። አለቃ ተቀምጦ እኔ ልቅደም?»

አቶ መንገሻ እጅ ነስተው ተቀመጡ። የሆነ ነገር መቱ። ስህተት ነው አለ። ተነሥተው ወንበሩን አራገፉና «በሉ እንግዲህ ሐጂ፣ በሞቴ» አሉ። በዕድሜያቸው ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት ሐጂ ይማም የተከበሩበትን ነገር እንዴት እምቢ ይበሉ? «ቢስሚላህ» ብለው በአንድ ጣት የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ቁጥር መቱ። ስህተት ነው አለ።

«መምህር፣ አንተ የተማርከው ግባ» አሉኝ ሁለቱም።

እዚህ ላይ ብትታዘቡኝ አልቀየምም። እንደማላውቀው አውቃለሁ። «ዘውዲቱ፣ ነይ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን የተማርከው ተብዬአለሁ፤ ሰው እያየኝ ነው። ተቀመጥኩና ከአራት ወር በፊት የነበረ የሚመስለኝን ጻፍኩ።

ተቆለፈ።

«እኔ አውቀው ነበር» አለች ዘውዲቱ፣ ከኋላችን እጆቿን አጣምራ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አቶ መንገሻ ተቆጡ።

«ማን ጠየቀኝ? ተራዬን ስጠብቅ ነበራ!»

መሪማ አላለቀሰችም። ሦስታችንን ተራ በተራ አየችንና «የቆለፈው ሰውዬ የት ነው ያለው?» አለች።

ኢንጂነሩ አዲስ አበባ ነው። ከተማው ውስጥ ስልክ ገና አልገባም፤ ወደ ሐራ በሚወስደው መንገድ አንድ ጉብታ ላይ ግን ይይዛል ይባላል። እኔና መሪማ በባጃጅ ሄድን፣ ወጣን። ያዘ።

ሁሉንም ነገርኩት።

«የደህንነት ነገር በስልክ አይነገርም» አለ ኢንጂነር አብርሃም። «አሠራር አለው። በደብዳቤ ጠይቁኝ።»

«በየት በኩል ልላክልህ?»

«በኢሜይል።»

ኢሜይል! መብራት በሌለበት፣ ስልክ ፍለጋ ጉብታ በወጣንበት አገር! ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። መሪማ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ወንድሜ፣ መሪማ እባላለሁ። ነርስ ነኝ። ነገ ግን አንተ ካልፈቀድክልኝ አይደለሁም። አልፈቅድም ካልክ እሄዳለሁ። ብቻ አሠራር፣ ደብዳቤ አትበለኝ፤ እኔ አልፈቅድም ብለህ በአፍህ ንገረኝ።»

ወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«የአስተዳዳሪው ፓስወርድ...» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መሪማ መዳፏ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶ አወጣች። «የኮሌጁ ስም ነው። በእንግሊዝኛ።»

«ከዚያስ?»

«በቃ። እሱው ነው።»

እስክሪብቶውን መለሰችው።

የኮሌጁ ስም በእንግሊዝኛ አጥሩ ላይ፣ አንዱ ፊደል ክንድ አህሎ፣ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። የመጡትም የሄዱትም በሥሩ ነው ያለፉት። ለእኛ አሥራ ሁለት ፊደል በየወሩ፤ ለሕግ አውጪው አጥር ላይ የተጻፈ ስም! ዘውዲቱ ወረቀት ለጠፈች ተብላ ግማሽ ሰዓት ስትገሠጽ የዚያ ሰውዬ ቃል ከአስፋልቱ ይነበብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘውዲቱ ተቀመጠች። እኛ ቆምን። በኮሌጁ ስም ገብታ፣ ጥቁሩን መስኮት ከፍታ፣ ኢንጂነሩ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት የነገረንን አንዲት መስመር ጻፈች፣ መታች። ተፈታ። ከመቀመጥ እስከ መነሳት አንድ ደቂቃ አልሞላም። አቶ መንገሻ በስደት ካልሲያቸው ውስጥ ደብቀው ያተረፉትን ማኅተም አወጡና የመሪማን ውጤት ከማሽኑ በእጅ በገለበጥንበት ወረቀት ላይ አሳረፉት። በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ መርሳ ገባች፤ ተቀጠረች። በኋላ እንደነገረችን፣ የተቀበላት ሰው ወረቀቱን ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ከትቶ «ቶሎ ጋዋን ልበሺ፣ ወረፋው ረዝሟል» ነው ያላት።

መንገዱና መብራቱ ደህና ሲሆን ኢንጂነር አብርሃም ራሱ መጣ። ቃሉ በስልክ መውጣቱ በጣም አሳስቦታል። የራሱን ቀየረ፤ ወደ ምን እንደሆነ አልነገረንም። ከዚያ ጥቁሩን መስኮት ከፈተና ለእኛም አንዲት መስመር ጻፈልን።

«ሦስት ሙከራ በዝቷል» አለ። «ሁለት አድርጌዋለሁ።» መታ።

ሁለት። እንግዲህ የሚሞክሩት ዲኑና ሐጂ ይማም መሆናቸው ነው። እኔ ተርፌያለሁ። ዘውዲቱ ከኋላችን ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች።