የጋሼ መቀስ ዝሆን

ከጀማሪ የባሰ ደፋር የለም። እንግሊዝኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ለመናገር ስንቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ትናንት የጀመረው ግን እፍኝ የማትሞላ ቃል ይዞ ድርሰት ልጻፍ ብሎ ይነሳል። የሰፈራችን ሊቀ ጀማሪያን፣ ክቡር ፀጉር አስተካካያችን ጋሼ መቀስ፣ በስተርጅና ኮርስ ገብተው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሳይጨርሱ አጭር ልብወለድ ጀመሩላችሁ።

"ለማን ነው ጋሼ?" አልኳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ።

"ለምራቴ። ልጄ ውጭ አገር አግብቶ ይዟት ሊመጣ ነው። እሱ እንደሆነ እናቱ ከሞተች ወዲህ የሷ ነገር ሲነሳ አፉ ይተሳሰራል። ታዲያ ልጅቷ ስለ አማቷ ከማን ትስማ? እኔው ልንገራት እንጂ!"

መከራው ደንበኛ ላይ ወደቀ። አንዱን ጎን ከርክመው ሌላውን ሳይነኩ "እስቲ ይቺን ስማኝ" ይላሉ። ሰው ግማሽ ጭንቅላቱን ይዞ የት ይሄዳል? ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ታሪኩ ውስጥ አንዲት ሴት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ጃንጥላ አሉ። አንድ ዝሆንም አለ።

"ኧረ ዝሆኑን ያውጡት ጋሼ፣ መሳቂያ ይሆናሉ!" አላቸው ጎረቤታቸው ባለሱቁ።

"ለፍቼ የተማርኩትን ቃል ሜዳ ላይ ልጣለው? ደግሞ ቦታ አለው።"

ብንለምን፣ ብንቆጣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ልጃቸውና ምራታቸው ፀጉር ቤቱ የመጡ ቀን ባለ ግማሽ ጭንቅላቱ እኔ ነበርኩ። ጋሼ መቀስ ወረቀታቸውን ዘረጉ። በዚያችው እንግሊዝኛቸው አንድ በአንድ አነበቡት፤ በእኛ ቋንቋ ይኸው ነው፦

"ሴትየዋ አንድ ጃንጥላ አላት። ዝናብ ነው። ጃንጥላውን ለልጁ ሰጠች። ልጁ ደረቅ ነው። ሴትየዋ እርጥብ ናት። ትስቃለች። ዝሆኑ ሴትየዋን ያያል። ዝናቡ ቆመ። ሴትየዋ የለችም። ዝሆኑ አለ።"



"ዝሆኑ ማነው?" አለች ምራታቸው ቀስ ብላ። ጥያቄዋን እንዴት እንደተረዱ እንጃ፤ ቃል አልፈለጉም፣ በመዳፋቸው ደረታቸውን ነኩ።

ያኔ ልጅየው ከበሩ ላይ፣ "ሰማያዊ ነበረች" አለ። "የእማዬ ጃንጥላ። እጀታዋ ተሰብሮ አባዬ በክር ያሰረላት።" ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ በቋንቋዋ ይነግራት ጀመር፣ ነገራት፣ አላቆመም። ጋሼ መቀስ ከሚለው ግማሹን እንኳ አልተረዱም፤ ግን የሟች ሚስታቸው ስም በተጠራ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እኔ በአድናቆት አፌን ይዤ ቀረሁ። ቀሪውን ፀጉሬን ማን አስታውሶ! እንዳለሁ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

አሁን ሁለተኛ ድርሰት ጀምረዋል አሉ። ያን ግማሽ ጭንቅላቴን ሌላ ቦታ ሙልጭ አድርጌ ስላስላጨሁት የሚቆረጥ ፀጉር የለኝም፤ ቢሆንም ነገ በጠዋት ሄጄ ወንበሩን እይዛለሁ። አዞ አለበት ይላሉ። ይግባ!