ውሃ የማይነካው ጃኬት

በየመንደሩ ዕቃ ገዝቶ ለዕቃው አሽከር የሚሆን አንድ ሰው አይጠፋም። የሶፋውን ላስቲክ አይገፍም፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት የተቀመጠ እንግዳ ሊነሣ ሲል ቆዳው አብሮ የተላጠ ይመስለዋል። ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው በላስቲክ የተጠቀለለ ሪሞት እየደበደበ ነው። "ምነው ብትገፈው?" ሲሉት፣ "ይቀመጥ፣ ለክፉ ቀን" ይላል።

የእኛው፣ ክቡር ጋሼ አስፋው ናቸው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ግድብ ወጣቶች ተደራጅተው እንግዳ በካያክ ያዝናናሉ። ካያክ ጠባብና ረጅም፣ በአንድ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ የምትቀዘፍ ጀልባ ናት። ልጄ ቤዛዊት ከእንግዶች ፊት እየቀዘፈች ትመራለች፤ እኔ ዳር ላይ ማንጎ እሸጣለሁ። ጋሼ አስፋው የወጣቶቹ ማኅበር የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ለጀልባዎቹ ዳስ አስጥለውላቸዋል፤ እኛ ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ነን። ሰው እንዳይሰምጥ የሚለበሱት ስድስት ላይፍ ጃኬቶች ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከነላስቲካቸው መጋዘን ተሰቅለዋል።

"ጋሼ፣ ልጄ ዋና በደንብ አትችልም። አንዱን ይስጧት።"

"ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል።"

"ለውሃ አይደል እንዴ የተሠራው?"

"ለክፉ ቀን ነው የተሠራው።"

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ይህን ለማወቅ ግን ሰባተኛ ክፍል አያስፈልግም። ክፉ ቀን ማስታወቂያ ለጥፎ ነው እንዴ የሚመጣው? ልጄ ውሃ ላይ፣ ጃኬቱ መጋዘን!

ባጃጅ ነጂው ኸይረዲን ደግሞ ማንጎዬን እየላጠ ጋሼን ያግዛቸዋል። "እትዬ ሸዋዬ፣ በዚህ ሙቀት ጃኬት? ጃኬት እኮ ለጣርማ በር ብርድ ነው!"

"ስሚው!" ይላሉ ጋሼ፣ ሊቅ የተናገረ ይመስል።

አንድ ጊዜ ጋሼ ለጉብኝት የመጡ ሰዎችን ጃኬቶቹን ከነላስቲካቸው አስለበሷቸው። ደስ አለኝ። ፎቶ ተነሥተው እንዳበቁ፣ ሰዎቹ እግራቸውን ጀልባ ውስጥ ሳያስገቡ፣ "በሉ መልሱ" ብለው ሰበሰቧቸው።

ባለፈው ቅዳሜ አንገሸገሸኝ። ማንጎዬን ትቼ መጋዘኑ በር ላይ ተዘረጋሁ። "ጃኬት ሳይሰጧት ከዚህ አልነሣም፤ እርስዎም አይወጡም።" እስከ ቀትር ተፋጠጥን። በመጨረሻ አንዱን አወረዱ፤ ላስቲኩን እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ አድርገው ገፈፉ፤ ልጄን አስፈረሟት።

"ቤዛዬ፣ አደራ፣ ውሃ እንዳታስነኪው!"

ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ልጄ ጠለቀች፤ ወዲያው ጃኬቱ እንደ ቡሽ ብቅ አደረጋት። ጋሼ አስፋው፣ ዋና የማይችሉት ሰውዬ፣ መቅዘፊያ ይዘው ከነጫማቸው ዘለው ገቡ። ውሃው አገጫቸው ሲደርስ ቆመው መቅዘፊያውን ዘረጉላት። እሷ እየተንሳፈፈች፣ እየተራገጠች ቀረበችና ጫፉን ያዘች።

ዳር ሲደርሱ ልጄ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጭቃ ነካው" አለቻቸው።

"ገደል ይግባ ጃኬቱ!" አሉና ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ማክሰኞ ማኅበሩ ከኃላፊነት ሊያነሣቸው ተሰበሰበ። ጥፋታቸውን እንድናገር የተጠራሁት እኔ ነኝ። ተናገርኩ፤ አንድም አላስቀረሁም። እሳቸው ጥግ ላይ አቀርቅረው ይሰማሉ። ንዴቴ ዛሬም አልበረደም። ስጨርስ ግን፣ "ከቦታቸው አይነሡ" አልኩ።

"ምን ነካሽ፣ እትዬ ሸዋዬ?" አለኝ ሰብሳቢው።

"ከእንግዲህ የሚጠብቁት ጃኬቶቹን ሳይሆን ልጆቹን ነው ብላችሁ አስፈርሟቸው" አልኩት። "ጋሼ አስፋው ፈርመው የተረከቡት ነገር ጠፍቶ አያውቅም።"