ቀለሙ እስኪደርቅ

ከሹመት ጋር አብሮ የሚመጣ በሽታ አለ። አዲሱ ኃላፊ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ ግድግዳውን ያያል፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሰውዬ ቀለም ደግሞ በፍጹም አይጥመውም። እናንተ መሥሪያ ቤት ይኼ በሽታ አልገባም ትላላችሁ?

ክልላችን አዲስ በነበረበት ጊዜ አሶሳ ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። የኃላፊያችን ቢሮ ግድግዳ ለጌጥ ተብሎ ጎድጎድ ጎድጎድ ተደርጎ የተለሰነ ነው። ቀለም ቀቢው አደም ጉድጓዱን ሁሉ አንድ በአንድ በብሩሽ ጫፍ ሲሞላ ወር ይፈጅበታል። እስከዚያ ባለጉዳይ አይገባም።

አንድ ሽማግሌ የመንደራቸው የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ከካማሺ መጡ።

«አባባ፣ ቢሮው እየተቀባ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ይምጡ» አልኳቸው።

«ልጆች የወንዝ ውሃ ይጠጣል። ታመመ» አሉኝ።

ሄደው ተመለሱ፤ ቀለሙ አላለቀም። በሦስተኛው ማመልከቻቸውን ለእኔ ሰጡና ቶሎ እንዲያልቅ ብለው ከአደም ጋር መቀባት ጀመሩ። እውነትም ቶሎ አለቀ። ቀለሙ በደረቀ ማግስት ግን ኃላፊው ከሹመቱ ተነሳ።

አዲሱ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ይኼ ሰማያዊ ቢሮውን ሆስፒታል አስመስሎታል» አለ።

አዲሱን ሲጠብቁ የሰነበቱት ሽማግሌ በእጃቸው የሞሉትን ግድግዳ ዞር ብለው አዩት። እጅጌያቸውን ሰብስበው ብሩሹን ካስቀመጡበት አነሱ።

እኔም ለአዲሱ ላቀርብላቸው ከመሳቢያ ያወጣሁትን ማመልከቻ ቀለም እንዳይነካው ብዬ መሳቢያ ውስጥ መልሼ ቆለፍኩት።