ተራ የማይጠበቅበት ተራ

መርካቶን ያቀኑት ሰዎች ቀልድ ይወዱ እንደነበር የማምነው በስሞቹ ነው። ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ አውቶቡስ ተራ... ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ ሕዝቡ ሁሉ እጁን አጣምሮ ወረፋ የሚጠብቅበት የጨዋ አገር ይመስለዋል። ይምጣና ይየው! ሁሉም ነገር «ተራ» እየተባለ ተራውን የሚጠብቅ አንድ ሰው የማይገኝበት ሰፈር ከዓለም የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ተራ አይጠበቅም፤ ይነጠቃል። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ እዚሁ የልጆች ጫማ ስሸጥ ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝና፣ አትፍረዱብኝ፣ ክርኔ ከምላሴ ይቀድማል።

ክርን በዘር እንደሚተላለፍ ግን አላውቅም ነበር።

ልጄ ብሌን አምስት ዓመቷ ነው። መዋዕለ ሕፃናት በገባች በሦስት ወሯ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። የአስተማሪዋ ስም ትዕግሥት ነው፤ ምን ላድርግ፣ እኔ አላወጣሁላት።

«የብሌን አባት፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለችኝ። «ግን ሸርተቴው ላይ ልጆች ትገፈትራለች። ትናንት ሳሮን የምትባል ልጅ ገፍታ ጉልበቷን አቆሰለቻት። ለምን ብላት ምን አለችኝ መሰልዎት? ‹ካልገፉ አይደርስም!›»

ጥቅሱ የማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ደራሲው እኔ ነኝ።

ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ትዕግሥት ቀጠለች። «አሁን በእረፍት ሰዓት አብሯት የሚጫወት ልጅ የለም። ስንሰለፍም እጇን የሚይዛት አታገኝም። ግድግዳ ተደግፋ ብቻዋን ትቆማለች።»

እቤት ለአሻንጉሊቶቿ ሳይቀር ወሬ የማያልቅባት ልጄ፣ ግድግዳ ተደግፋ!

«ሕፃን ልጅ ስሜቱ አለው፣ የስሜቱን ስም ነው የማያውቀው» አለችኝ። «ቃሉን ሲያጣ በእጁ ይናገራል። ስትናደድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሦስቴ ትተንፍስ። ከዚያ የተሰማትን በአፏ ትናገር፤ ተራዋንም ትጠብቅ። እቤት አለማምዷት።»

አለማመድናት። እውነቱን ለመናገር፣ እሷ አለማመደችን። ሳምንቱን ሙሉ እኔና እናቷ ሆዳችንን ይዘን ስንተነፍስ ያየ ጎረቤት የተበላሸ ነገር የበላን ሳይመስለው አልቀረም። ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ ተራ ወጣለት። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ለካ እንዲህ ነው!

ቅዳሜ ሱቅ አብራኝ ዋለችና አመሻሹ ላይ ሲኒማ ራስ ታክሲ ልንይዝ ቆምን። እዚያ ሰልፍ አለ ከተባለ በጥንቱ ትርጉሙ ነው፤ ጦርነት ማለት ነው። ሚኒባሷ ብቅ ስትል ደሜ ፈላ። ብሌንን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ፣ የሌላውን ክርን አስቀድሜ፣ «ልጅ ይዣለሁ! ልጅ ይዣለሁ!» እያልኩ ገባሁበት። ከበሩ ደርሰው የነበሩ ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ነበሩ። በትከሻዬ ወደ ጎን አድርጌያቸው የመጨረሻዋን ወንበር ያዝኩ። ድል በድል!

«አባዬ» አለች ብሌን፣ ታክሲው ሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «እማማን ገፋሃቸው።»

«ዝም በይ።»

«ምን ተሰምቶህ ነው?»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ረዳቱ በሩን መዝጋቱን ተወው።

«ቸኩዬ» አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ።

«እጅህን ሆድህ ላይ አድርግ።»

ወዳጄ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አደረግሁ። አንዴ ተነፈስኩ። ሁለቴ። በሦስተኛው ከኋላ ወንበር አንድ ሰው አብሮኝ «እፎይ» አለና ታክሲው በሳቅ ተናጋ።

«አሁን ይቅርታ በልና እንውረድ» ብላ ፈረደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ወረድን።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተራው የእርስዎ ነው።»

እናትየው ዘንቢላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጄ፣ እዚህ ቦታ አርባ ዓመት ሙሉ ስገፋ ኖሬ ይቅርታ ስባል ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ደኅና ነህ ግን? አሞህ እንዳይሆን።»

ታክሲዋ እሳቸውን ይዛ ሄደች። ብሌን አስፋልቱ ዳር እንደ ችካል ቆመችና እኔን ከኋላዋ ተከለችኝ። የመጣውን ሁሉ «ከአባዬ ኋላ ነህ» ትለው ጀመር። ትልቅ ካርቶን የያዘ ጎልማሳ ስቆ ቆመ። ሁለት ተማሪዎች ተከተሉት። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሰልፍ ካየ የሚታደል ነገር ያለ ይመስለዋል፤ አንዱማ «ዘይት መጣ እንዴ?» እያለ ሮጦ ተሰለፈ። ቀጣዩ ታክሲ ደርሶ ቆመ። ረዳቱ ግራ ገባው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ተራ ነው» አለችው ብሌን፣ እንደ ባለሥልጣን እየገባች። ከኋላዋም ሰው ሁሉ እየሳቀ አንድ በአንድ ገባ። ማንም ቁልፍ አልተበጠሰበትም፤ የማንም ጫማ አልተረገጠም።

እቤት ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችን። «ምነው ዘገያችሁ?»

«ታክሲ ተራ ስንጠብቅ።»

«መርካቶ ውስጥ?» አለችኝ፣ ወገቧን ይዛ። «ሌላ ውሸት ፈልግ።»

ሰኞ ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ያንን ግድግዳ ነበር። ብሌን ከበሩ ስትወጣ ብቻዋን አይደለችም፤ ጉልበቷ ላይ ፕላስተር የለጠፈች ልጅ እጇን ይዛታለች።

«ሳሮን ናት» አለችኝ። «ሸርተቴው ጋ ተራ ስንጠብቅ ስንጠብቅ ተደወለ። ሳይደርሰን!»

ያ የመርካቶ ደሜ እንደገና ፈላ። ይኸው፣ ጨዋ የሆነ ይቀራል! «ታዲያ አልተናደድሽም?»

«በጣም ነዋ። ለሳሮን ‹ተናድጃለሁ› አልኳት። እሷም ተናዳለች።»

«ከዚያስ?»

ሁለቱ ተያዩና አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ከዚያማ አብረን ተናደድን!»

ብለው በሳቅ ፍርስ አሉ። ምን እላለሁ? እኔና የሱቅ ጎረቤቴም ይህን ሁሉ ዓመት ወዳጅ ሆነን የኖርነው፣ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር አብረን እየተናደድን ነው።